ሁለት በአንድ የተባለችው ካሜራዬ

ትምህርት ክፍላችን ለተግባር ልምምድ የሚሆን ካሜራ ሊገዛ ስለሆነ ተማሪዎች ሐሳባችሁን በጽሑፍ አቅርቡ ተብለናል። መልካም ነው። ነገር ግን በየመተላለፊያውና በየሻይ ቤቱ የምሰማው ክርክር አብዛኛው «አንድ ካሜራ ይገዛ፤ ቪዲዮውንም ፎቶውንም እሱው ይሥራ» የሚል ነው። እኔ የማታ ተማሪ ነኝ፤ በዕድሜም ብዙዎቻችሁን በእጅጉ እበልጣለሁ። ይህችኑ ምርጫ በ1999 ዓ.ም. በገዛ እቁቤ መርጬ ስለማውቃት ዝም ብል ሆዴ አይችልም።

ያን ጊዜ ደሴ ነበርኩ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። መጀመሪያ ወለል እጠርግና ደንበኛ አስቀምጥ ነበር፤ እየቆየሁ ጉርድ ፎቶ ማንሳት ተፈቀደልኝ። ባለቤቱን «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ሙያውን በጥቁርና ነጭ ዘመን የለመዱ ሰው ናቸው። ደንበኛው ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ አገጩን በሁለት ጣታቸው ቀና ያደርጋሉ፤ ራቅ ብለው ያዩታል፤ ተመልሰው ኮሌታውን ያስተካክላሉ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ያነሳሉ። ሁለተኛ አይደግሙም። ፊልም ገንዘብ ነዋ!

በዚያው ሰሞን የሰርግ ነገር ተለወጠ። ሰው ፎቶ ብቻ አልበቃው አለ። ቀን ሊያስይዝ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቪዲዮ አላችሁ ወይ?» ሆነ። ጋሼ «የለንም» ይላሉ፤ ሰውየው አመስግኖ ወደ ሌላ ይሄዳል። እኔ በር ላይ ቆሜ የሚሄደውን ሰው ጀርባ እያየሁ ስሌት እሠራለሁ። ጥቅምት ላይ 8,000 ብር እቁብ ሲወጣልኝ ስሌቱ አለቀ። የራሴን ሥራ ልጀምር ነው።

8,000 ብር ያኔ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ሁለት ካሜራ ግን አይገዛም። አዲስ ቪዲዮ ካሜራ ከተገዛበት ለፎቶው የሚተርፍ የለም። ያገለገለ የፊልም ካሜራ ከተገዛበት ደግሞ ቪዲዮው ይቀራል። ስለዚህ ልቤ ያረፈው «ሁለት በአንድ» በሚባሉት ትንንሽ ዲጂታል ካምኮርደሮች ላይ ነበር። በትንሽዬ ካሴት ቪዲዮ ይቀርጻሉ፤ በጎናቸው በምትገባ ሚሞሪ ካርድ ደግሞ ፎቶ ያነሳሉ። ከዚህ የተሻለ ነገር ለኔ ቢጤ ከየት ይመጣል?

አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ነገሩን ስትሰማ «እዚህ ርካሽ ነው፤ ልላክልህ» አለችኝ። ልቀበላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ያዳነኝ አንድ የሰፈራችን ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። «የአሜሪካው ኤን ቲ ኤስ ሲ ነው፤ የኛ ፓል ነው» አለኝ። እኔ የሶኬት ነገር መስሎኝ «ትራንስፎርመር እገዛለታለሁ» ብለው ሳቀብኝ። ከዚያ መፍቻውን አስቀምጦ አስረዳኝ። ፓል በሰከንድ 25 ምስል አለው፤ እያንዳንዱም 576 መስመር ነው። የአሜሪካው በሰከንድ ወደ 30 ምስል ያሳያል፤ መስመሩ ግን 480 ነው። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ሁለቱንም ያሳዩ ይሆናል፤ የሙሽራዋ አጎት ገጠር ያለው አሮጌው ቴሌቪዥን ግን ቀለሙን ያጠፋዋል፣ ካልሆነም ምስሉን ያንከባልለዋል። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ ወዳለው ፍሎረሰንት አመለከተኝ። «መብራታችን በሰከንድ 50 ዑደት ነው፤ በ60 የተቃኘ ካሜራ ከዚህ ሥር ስትከፍት ምስሉ ይርገበገብብሃል» አለኝ። ይቺን ዛሬም ያዟት። የአሁኖቹ ካሜራዎች ብዙዎቹ 50 ወይም 60 ከሜኑ ይመረጥላቸዋል፤ ሳይመርጡ የሚቀርጹ ተማሪዎች ግን አሁንም በላቦራቶሪያችን አሉ። ስም አልጠራም።

ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ፣ ብሩ በሱሪዬ ውስጠኛ ኪስ ተሰፍቶ። መርካቶ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ወጣት ነው፤ አፈ ቅቤ።

«ስንት እጥፍ ያቀርባል?» አልኩት።

«800!»

እውነትም ካርቶኑ ላይ 800 በትልቁ ተጽፏል። 20 የሚል ሌላ ቁጥር ደግሞ ከሥሩ በትንሹ አለ። ደጅ ወጣንና ከመንገዱ ማዶ ያለ ታፔላ ላይ አነጣጠረ። እስከ 20 ድረስ ፊደሉ ቁልጭ እያለ ቀረበ። ከ20 በኋላ ግን ሌንሱ አይሠራም፤ ያንኑ ምስል ማሽኑ ይለጥጠዋል እንጂ። መጨረሻ ላይ «ሀ» ይሁን «ሁ» የማይለይ የካሬ ክምር ሆነ። ሁለታችንም ሳቅን። ያን የካሬ ክምር በዓይኔ በብረቱ እያየሁ ምንም አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«ፎቶስ?» አልኩት። ቁልፉን ከካሴት ወደ ካርድ አዞረና እኔኑ አነሳኝ። በሁለት ተኩል ኢንች መስታወት ላይ ጥርሴ ሳይቀር ተቆጥሮ ይታያል። ሁለት ተኩል ኢንች ላይ የማያምር ፎቶ እንደሌለ ማን በነገረኝ! 7,200 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ልጠይቀው ይገባኝ የነበረው «ፎቶው ስንት በስንት ነው?» የሚል ነበር። የኔዋ 640 በ480 ነበረች። ሲባዛ 307,200 ነጥብ ነው። ለቪዲዮ ይህ ድህነት አይደለም። የፓል ዲጂታል ቪዲዮ ራሱ 720 በ576 ነው፤ የዚያን ጊዜው ቴሌቪዥንም የሚጠይቀው ከዚያ አይበልጥም ነበር። ውስጧ ያለችው ምስል ተቀባይ የተሠራችው ለዚያው ስለሆነ ከትንሽ ጣት ጥፍር ታንሳለች። ወረቀት ግን እንደ ቴሌቪዥን በትንሽ አይረካም። ጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል። 640ን ለ300 ብታካፍሉት የምታገኙት ፎቶ 5.4 በ4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጉርድ ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው። ያንኑ ወደተለመደው 10 በ15 ብትለጥጡት በኢንች 108 ነጥብ ይደርሰዋል። አልበም ውስጥ ገብቶ ፈጠን ተብሎ ሲገለጥ ያስኬዳል፤ ከዚያ በላይ ግን አትሂዱ። እኔ ሄጃለሁ።

ጥር ላይ የመጀመሪያውን ትልቅ ሰርግ ያዝኩ። ሙሽራዋ የሰፈራችን ልጅ ናት። አባቷ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚነቃነቅ አዛውንት ናቸው። ጓደኛዬ መብራት ሊይዝልኝ መጣ። ዳሱ ውስጥ እንደገባን የተማርኩት የሌንሷን ጠባብነት ነው። እነዚያ ትንንሽ ካምኮርደሮች ከሩቅ ማቅረብ ይወዱ ነበር እንጂ ሰፋ አድርገው ማየት አይሆንላቸውም። ቤተሰቡን ለፎቶ አሰልፌ ወደ ኋላ ብሄድ፣ ብሄድ፣ ጀርባዬ የዳሱ ሸራ ላይ ተለጠፈ፤ ሁለቱ አጎቶች አሁንም ውጭ ናቸው። «ጠጋ በሉ» እያልኩ እንደ ስንጥር እንጨት አስሬ አነሳኋቸው። ፍላሽ የላትም፤ ጓደኛዬ የያዘውን መብራት ፊታቸው ላይ ሲያደርገው ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሙሽራዋ ስትወጣ መጣ። ልጅቱ የወላጆቿን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ከበስተኋላዬ አንዲት ሴት «ይቺን ፎቶ አድርጋት! ይቺን ፎቶ!» አለች። እሺ ብዬ ቁልፉን ከካሴት ወደ ካርድ አዞርኩ። ማሽኗ ካሴቱን ታቆማለች፤ መስታወቷ ይጨልማል፤ ታስባለች፤ ተመልሳ ትበራለች። ምን ያህል ሰከንድ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ስትበራ ሙሽራዋ ቀና ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። ጉልበት የመሳሙ ፎቶ የለም። ቪዲዮውም የለም። ካሴቱ ላይ ልጅቱ ጎንበስ ማለት ስትጀምር ምስሉ ይቆረጣል፤ ቀጥሎ የሚታየው መኪናው ነው። ሁለት ሥራ በአንድ እጅ የያዘ ሰው ሁለቱንም እንዴት እንደሚጥል ለማየት የሚፈልግ ቢኖር ያ ካሴት አለ።

አንድ ነገር ግን አልጣልኩም። ከዚያ ቀደም ብሎ አባትየው ተነሥተው መርቀው ነበር። ካሜራዋን ጠረጴዛ ላይ በሁለት ሣጥን ለስላሳ አስደግፌ ከምርቃቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሳልነካት ቀረጽኩ። «ሁለት ሺህን በጤና አብረን እንቀበል» ሲሉ እንግዳው ሁሉ «አሜን!» አለ። ያን ጊዜ የሚሌኒየሙ ወሬ በየቤቱ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ፣ የማታዎቹ ማለቴ ነው።

ሰኔ ላይ አረፉ።

ልጃቸው ጥቁር ለብሳ መጣች። ለአርባው ፎቷቸው በትልቁ ታጥቦ በፍሬም እንዲቀመጥ ፈልገዋል፤ 30 በ40። «ከሰርጉ ፎቶ ላይ አውጣልኝ፤ ሲስቅ ያለውን» አለችኝ። ሲስቁ ያለው የቤተሰቡ ፎቶ ላይ ነው፤ ዐሥራ አምስት ሰው በታሰረበት። እሺ አልኳት። ምን ልበላት? ካርዱን ይዤ አዲስ አበባ ሰው ላክሁና አሳጠብኩት። ተጠቅልሎ የመጣውን ስፈታው መርካቶ ያየሁት ታፔላ ነው የመጣው። ከ640ው ነጥብ ለእሳቸው ፊት የደረሰው ከ70 አይበልጥም ነበር፤ ያ 70 ነጥብ ነው በወረቀቱ ሙሉ የተዘረጋው። ዓይናቸው ሁለት ጥቁር ካሬ ነው። ሳቃቸው ነጭ ካሬ ነው።

ከቪዲዮው ላይ አንድ ምስል ላውጣ ብዬም ሞክሬአለሁ። እሱ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። የዚያን ጊዜ ቪዲዮ እያንዳንዱን ምስል በሁለት ግማሽ፣ አንድ መስመር እየዘለለ ነበር የሚቀርጸው፤ በግማሾቹ መካከል ሰው ከተንቀሳቀሰ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። አባትየው ሲመርቁ እጃቸው አያርፍም፤ ራሳቸውም እንዲሁ።

እየመረረኝ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ጥዬአቸው ከወጣሁ በኋላ ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነበር ማለት ይቻላል። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዘው አዩት። አልሳቁብኝም። «ይኼ ለአንገት ሀብል ነው የሚሆነው» አሉ ብቻ። ከዚያ «ሰውየው ጉርድ የላቸውም?» አሉኝ። ቤተሰቡ ሲፈልግ ከድሮ መታወቂያ ላይ 3 በ4 የሆነች ጥቁርና ነጭ ጉርድ ተገኘች፤ በ1960ዎቹ የተነሱት ናት። ጋሼ በካሜራ መልሰው አነሷት፤ በእርሳስና በብሩሽ ጥቂት ነካኩና አሳደጓት። ቅንድባቸው ፀጉር በፀጉር ይታያል። ያች ከጥፍር ትንሽ የምትበልጥ ወረቀት፣ ሙሉዋ የእሳቸው ፊት ስለነበረች፣ ከኔዋ አዲስ ዲጂታል በለጠች።

ሚስትየው ግን ትልቁን ፎቶ ሲያዩ ብዙ ዝም አሉ። ጎፈሬ ያለው ሸንቃጣ ወጣት ነው። «ቆንጆ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «ግን ይኼ እኮ እኔ ሳላውቀው የነበረው ነው፣ ልጄ።»

አርባው በዚያ ፎቶ አለፈ። ማታ ሰዉ ሲቀንስ ሙሽራዋ «እስቲ ካሴቱን አምጣው» አለችኝ። ካሜራዋን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁና ምርቃቱን ከፈትኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ትከሻቸው ይነቃነቃል፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ የአንዱን ልጅ ስም ይረሱና ሲነግሯቸው ይስቃሉ። እናትየው ቴሌቪዥኑ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩ። ሦስተኛም አሉኝ። በፎቶ ያዋረደችኝ ማሽን ናት ይህን የምታሳየው። ያን ቀን ካሜራዋን መጥላት አቆምኩ፤ ፎቶ እንድታነሳ ግን ዳግም አልጠየቅኋትም። በሚቀጥለው ዓመት ከጋሼ ላይ አንድ ያገለገለ የፊልም ካሜራ በዱቤ ወሰድኩ።

እንግዲህ ወደ ትምህርት ክፍላችን ጉዳይ ልመለስ። «ያ እኮ የድሮ ነው፤ ዛሬ ስልክ እንኳ ሁለቱንም ይሠራል» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው። ሁለቱ ሥራ በእውነት የተጋባው ግን እኛ በጠበቅንበት በቪዲዮ ካሜራው በኩል ሳይሆን በፎቶ ካሜራው በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒኮን ዲ90 እና ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ቪዲዮ ይዘው ወጡ፤ የካኖኑ ምስል ተቀባይ እንደ ድሮው ፊልም 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ አንድ የ4ኬ ቪዲዮ ምስል 3840 በ2160፣ ወደ 8.3 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ለ30 በ40 ፎቶ ይበቃል። ያኔ ቢኖረኝ የአባትየውን ሳቅ ከምርቃቱ ላይ እመርጥላት ነበር፤ ለቪዲዮ በተለመደው በሃምሳኛ ሰከንድ ፍጥነት የተነሳ ምስል ላይ የሚንቀሳቀስ እጅ አሁንም መደብዘዙ እንዳለ ሆኖ።

ስለዚህ ዛሬ ጎዶሎው በሌላው ወገን ነው። የፎቶ ካሜራ ረጅም ቪዲዮ ላይ ይደክመዋል፤ አንዳንዱ ይግልና ራሱን ያጠፋል። ለብዙ ዓመታት አብዛኞቹ በ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ቀጥ ይሉ ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ያስቃል፤ አውሮፓ ውስጥ 30 ደቂቃ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር ነው። ያገለገለ ካሜራ የምንገዛ ከሆነ ይህን ማየት አለብን። ካምኮርደር በበኩሉ ለሰዓታት ይቀርጻል፤ በአንድ ጣት ለስላሳ ዙም ይሰጣል፤ ሻል ያሉት የባለሙያ ማይክራፎን የሚሰካበት ኤክስ ኤል አር አላቸው። እኛ ደግሞ ምንድን ነው የምንሠራው? ባለፈው ሴሚስተር ካሜራ የወጣበትን መዝገብ አየሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ውይይት፣ የተማሪዎች ተውኔት፣ የእንግዳ ንግግር። ሁሉም ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ፎቶ የወጣው ለዚህችው ቡለቲን ነው።

የኔ ሐሳብ ካምኮርደር ይገዛ፤ ለፎቶው ያገለገለች ቀላል ካሜራ ለብቻ ትፈለግ፤ ከሁለቱም ዋጋ ተቀንሶ ደህና ማይክራፎን ይግባ የሚል ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ግድ የሚለን፣ ከመክፈላችን በፊት በዚያው ካሜራ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንቅረጽበት፤ አንድ ፎቶም አንስተን 30 በ40 እናሳጥብ። በመስታወቱ ላይ አይተን አንመለስ።

ማይክራፎን ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ዘንድሮ ያቺው ሙሽራ ደወለችልኝ። አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት። ያኔ ገልብጬ የሰጠኋቸው ቪሲዲ ተጭሮ አልከፍትም ብሏል። «ልጆቼ የአባቴን ድምፅ ሰምተውት አያውቁም፤ ዋናው ካሴት ይኖር ይሆን?» አለችኝ። ካሴቱ አለ፤ ከሌሎች ዐሥር ጋር በካርቶን። ማጫወቻው ነው የሌለው። የኔዋ ካሜራ በ2004 ዓ.ም. የካሴት በሯ አልዘጋ ብሎ ቀርታለች። የዛሬ ላፕቶፖችም የእነዚያን ካሜራዎች ፋየርዋየር ገመድ የሚቀበል ቀዳዳ የላቸውም።

መፍትሔው የተገኘው እዚሁ ዕቃ ግምጃ ቤታችን ውስጥ ነው፤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ አቧራ ለብሳ፣ የኔዋን የምታክል ካምኮርደር። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ይባረኩና አስፈርመው ሰጡኝ። ላቦራቶሪው ጥግ ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር ደግሞ ፋየርዋየር አለው። የካሜራዋን ራስ በማጽጃ ካሴት አጸዳሁና አስገባሁ። ካሴት እንደ ፋይል በደቂቃ አይገለበጥም፤ የ60 ደቂቃው 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሲያልቅ ወደ 13 ጊጋ ባይት ይሆናል። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አልፎ አልፎ ባለቀለም ካሬዎች ብልጭ ይላሉ። 47ኛው ደቂቃ ላይ አባትየው ተነሡ። ድምፁ ሁለት ቦታ ተቆረጠ፤ «ሁለት ሺህን» ያሉበት ግን ሙሉ ነው።

ለልጅቱ በፍላሽ ላክሁላት። የቀሩትን ዐሥሩን በዚህ ሴሚስተር እጨርሳለሁ። ኃላፊው ስለፈቀዱልኝ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ትንሽ ካሴት ያላችሁ ተማሪዎችም ሆናችሁ መምህራን ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ታገኙኛላችሁ። የካሜራዋ ራስ አርጅቷል፤ መለዋወጫም የለውም፤ ስለዚህ አታዘግዩት። ሌላ ማሽን ላይ አስገብታችሁ አትሞክሩት፤ ካሴቱን ሊበላባችሁ ይችላል። እንዳለ አምጡት፤ እዚሁ እንጠነጥነዋለን።